መሪን ስለ መምረጥና መሪን ስለ መሸኘት

ሰዎች ለአንድ ዓላማ ተሰብስበው ማኅበር በመሠረቱ ጊዜ የሚገጥማቸው የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ይምራን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሁሉም አዛዥ ከሆነ የሚታዘዝ አይገኝምና። ነገር ግን ከዚህ ጥያቄ ጋር መንታ ሆኖ የተወለደ፥ ብዙ ጊዜ ግን ሳይነሣ የሚቀር ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የመረጥነውን መሪ እንዴት አድርገን እንሸኘዋለን?» የሚለው ነው። እኔ በምኖርባት በሸሕዲ፥ ፊደል የቆጠሩና ወሬ የሚከታተሉ ወጣቶች ስለ ፓርቲ ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ክርክራቸው ሁሉ እገሌ ከእገሌ ይሻላል በማለት ላይ ያርፋል። እኔ ደግሞ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ጥቂት ልናገር አስቤአለሁ፤ የአንድ ፓርቲ ጠባይ ጥርት ብሎ የሚታየው መሪውን በሚሽርበት ቀን ነው ብዬ አምናለሁና።

ሸሕዲ፥ ገንዳ ውሃ በሚለው ስሟም የምትጠራው፥ ከጎንደር ወደ ሱዳን በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ቢሉ ጠረፉ ላይ መተማ ዮሐንስ ይገኛል። በዚያ ሜዳ ላይ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመሐዲስቶች ጦር ጋር ተዋግተው ለሞት የሚያደርስ ጥይት አገኛቸው። ነፍሳቸው ከመውጣቷ በፊት ራስ መንገሻን ልጄና ወራሼ ነው ብለው ተናዘዙ። ነገር ግን ኑዛዜው አልጸናም፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ማን ተገቢ ነበረ የሚለውን እዚህ ልፈርድበት አልፈልግም። የምለው፥ ንጉሥ ሲሞት የሚተካው እንዴት እንደሚመረጥ ሁሉም የተስማማበት ሕግ ስላልነበረ ምርጫው ለጉልበትና ለብልሃት መተዉን ነው። ወዲያ ማዶ ያለውም ጦር ከዚህ የተሻለ አልነበረም። መሐዲው በሰኔ 1877 ሲሞት ሥልጣኑን ኸሊፋ አብዱላሂ ያዘ፤ የመሐዲው ዘመዶችም አኩርፈው ለዓመታት ከእርሱ ጋር ተናከሱ። እንግዲህ በመተማ ሜዳ የተገናኙት ሁለቱ ጦሮች፥ «ከእኔ በኋላ ማን?» የሚለውን ጥያቄ ሳይመልሱ ከመጡ ከሁለት ቤቶች የወጡ ነበሩ ማለት ነው።

ታሪክ ግን አንዳንድ ጊዜ የተወውን ቦታ ተመልሶ ይጎበኛል። ከዚያ ጦርነት 88 ዓመት ቈይቶ፥ በ1969፥ ኢዲዩ የተባለው ድርጅት በደርግ ላይ ተነሥቶ መተማንና ሑመራን ለጥቂት ወራት ያዘ፤ በዚያው ዓመትም ተገፍቶ ወጣ። ከመሪዎቹ ዋናው ራስ መንገሻ ሥዩም ነበሩ፤ እኒያ በመተማ ወራሽ ተብለው ያልወረሱት የራስ መንገሻ ዮሐንስ የልጅ ልጅ። ድርጅቱ ፓርቲ ይባል እንጂ ለመሪነት ያበቃው የትውልድ ሐረግና የቀድሞ ሹመት ነበር።

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። ለንጉሥ ይህ አባባል ከነጉድለቱ የራሱ ሥርዓት አለው። ንጉሥ ሥልጣኔ ከላይ ነው ይላል፤ ስለዚህም ከታች ያለ ሰው ሊሽረው እንደማይችል አስቀድሞ አስታውቋል። ፓርቲ ግን የእኩዮች ውል ነው። አባሉ ስሙን ያስመዘግባል፥ መዋጮውን ይከፍላል፥ ደንቡን ያነባል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ከእኛ መካከል አንዱን እኛው እናስቀድማለን፥ ሲያስፈልግም እኛው እንመልሳለን በሚል እምነት ነው። የእኛ አገር ፓርቲዎች ችግር ውሉን ከሌላ ዓለም ተውሰው፥ ዙፋኑን ግን ከቤታቸው ማምጣታቸው ይመስለኛል።

የኢሠፓን ነገር ተመልከቱ። በመስከረም 1977 በታላቅ ድግስ ተመሠረተ፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዋና ጸሐፊ ሆኑ። በደንብ የተጻፈ ደንብ፥ ማዕከላዊ ኮሚቴ፥ ፖሊት ቢሮ፥ በየቀበሌው የሚሰበሰብ አባል ነበረው። ነገር ግን በሕይወት ያለ መሪ የሚወጣበት በር አልነበረውም። በሩ ስለ ሌለም በግንቦት 1981 ጄኔራሎች በመፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ሳይሳካላቸው ቀርቶ ብዙዎቹ ሕይወታቸውን አጡ። ግንቦት 13 ቀን 1983 መሪው ከአገር ወጡ። ያ ሁሉ አባል የነበረው ፓርቲ ተሰብስቦ «አሁንስ ማን ይምራን?» ብሎ ሊጠይቅ እንኳ አልቻለም፤ በስምንተኛው ቀን አዲስ አበባ በሌሎች እጅ ገባች። መሪውን ሳይሸኝ የሚኖር ፓርቲ ከመሪው ጋር አብሮ ይሸኛል።

ከእርሱ በኋላ የመጣውን ኢሕአዴግን ግን በዝግታ ልንመረምረው ይገባል፤ በእርሱ ውስጥ ክፉውም ደጉም አለና። የአራት ድርጅቶች ግንባር ነበር። እያንዳንዱ ድርጅት 45 ሰው እየላከ 180 አባላት ያሉት ምክር ቤት ያቆማሉ፤ ሊቀ መንበሩን የሚመርጠውም ይህ ምክር ቤት ነው። አቶ መለስ ዜናዊ ከ1983 ጀምሮ መሩ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት «መተካካት» የሚባል ቃል ተፈጠረ፤ ነባሮቹ በየተራ ለወጣቶቹ ይለቃሉ ተባለ። ቃሉ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ዋናውን ወንበር የነካው መተካካት ሳይሆን ሞት ነው። በነሐሴ 2004 አቶ መለስ ዐረፉ፤ መስከረም 5 ቀን 2005 ምክትላቸው አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሊቀ መንበር ሆነው ተመረጡ። ደም ሳይፈስ፥ ታንክ ሳይወጣ የተደረገ ዝውውር ነውና ሊመሰገን ይገባዋል። ቢሆንም ሞት የሻረውን መተካት፥ በሕይወት ያለውን ከመሸኘት እጅግ ይቀላል፤ ሟች አያኰርፍም።

ከባዱ ፈተና የመጣው ኋላ ነው። የካቲት 8 ቀን 2010፥ አገር በተቃውሞ ስትናወጥ፥ አቶ ኃይለ ማርያም ሥልጣኔን ልልቀቅ ብለው ደብዳቤ አስገቡ። ስለ አመራራቸው የሚወቅሳቸው ብዙ ነው፤ እኔም ጠበቃቸው አይደለሁም። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በላይ የሆነውን የመሪዎቻችንን መጨረሻ ቍጠሩ፦ አንዱ በጦር ሜዳ፥ አንዱ በእስር ቤት፥ አንዱ በስደት፥ አንዱ በሕመም። በራሱ ደብዳቤ ወርዶ፥ ተተኪው በምክር ቤት ሲምል ተቀምጦ አይቶ፥ ከዚያ በሰላም ወደ ቤቱ የሄደ የመንግሥት መሪ ከዚያ በፊት ማን ነበረ? መጋቢት 24 ቀን 2010 በዚያ አዳራሽ የሆነው ነገር ለእኔ ከንግግሮቹ ሁሉ ይበልጥ ትርጕም ነበረው።

ምርጫው ራሱ እንዴት እንደ ተደረገ ደግሞ ወጣት አንባቢ ሊያውቀው ይገባል። ኦሕዴድ አስቀድሞ ሊቀ መንበሩን ለወጠ፤ አቶ ለማ መገርሳ የፌዴራሉ ምክር ቤት አባል ስላልነበሩ ጠቅላይ ሚኒስትር መሆን አይችሉምና በዶክተር ዐቢይ አሕመድ ተተኩ። በግንባሩ ምክር ቤት የብአዴኑ አቶ ደመቀ መኰንን ከመወዳደር ራሳቸውን አገለሉ። መጋቢት 18 ቀን ድምፅ ሲቈጠር ዶክተር ዐቢይ 108፥ አቶ ሽፈራው ሽጉጤ 59፥ ዶክተር ደብረ ጽዮን ገብረ ሚካኤል 2 አገኙ። ከዚያም ስድስት ወር አለፈና ግንባሩ በሐዋሳ ጉባኤ አደረገ። መስከረም 25 ቀን 2011 ዶክተር ዐቢይ ድጋሚ ሲመረጡ ከ177 ድምፅ 176ቱን አገኙ።

ብዙ ሰው ሁለተኛውን ቍጥር ሰምቶ ተደሰተ፤ አንድነት መሰለው። እኔ ግን ከ176 ይልቅ 108ን እወዳለሁ። 108 ሲባል ከጎኑ 59 አለ፤ በአንድ ጣራ ሥር ተቀምጠው «አይ፥ የኔ ምርጫ ሌላ ነው» ያሉ ሰዎች አሉ፤ ከዚያም በኋላ ስብሰባው ቀጥሏል። 176 ሲባል ግን ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ የሁሉም ልብ በእውነት አንድ ሆኗል፤ ወይ ሌላ ልብ ያለው ሰው ልቡን ቤቱ ትቶ መጥቷል። ቍጥሩ ብቻውን የትኛው እንደ ሆነ አይነግረንም። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ይነግረናል። በኅዳር 2012 ግንባሩ ፈርሶ ብልፅግና ፓርቲ ሲመሠረት ሕወሓት አልገባም አለ። በጥቅምት 2013 ጦርነት ተነሣ። ለዚያ ጦርነት ምክንያቱ ብዙ ነው፥ ሁሉንም በአንድ የፓርቲ ጠብ ላይ መጫን ስንፍና ይሆናል። ነገር ግን አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በአንድ ምክር ቤት እጃቸውን ያነሡ የነበሩ ሰዎች ናቸው በሁለት ምሽግ የተሰለፉት፤ ይህ ሊያሳፍረን ይገባል።

ሕወሓትም ይህን ትምህርት ሁለት ጊዜ አግኝቶ ሁለት ጊዜ አልተማረበትም። በ1993 ማዕከላዊ ኮሚቴው ለሁለት ሲከፈል የተሸነፈው ወገን ተባረረ፤ ከእነርሱ አንዱ አቶ ስዬ አብርሃ ለስድስት ዓመት ያህል ታሰሩ። በነሐሴ 2016 በተደረገው ጉባኤ ደግሞ የዶክተር ደብረ ጽዮንና የአቶ ጌታቸው ረዳ ወገኖች ተለያዩ፤ አንዱ ወገን ሲሰበሰብ ሌላው አልገኝም አለ፤ ማባረሩም ተከተለ። በአማራውም ድርጅት ቢሆን፥ ኢሕዴን ሳለ ጀምሮ የመሩት አቶ ታምራት ላይኔ በ1989 ከሥልጣን ወርደው ታሰሩ፤ የወጡት በ2001 ነው። ጥፋት ካለ ፍርድ ቤት መቅረብ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የተሻረ መሪ ሁሉ ወንጀል የሚገኝበት፥ ያልተሻረ ግን የማይገኝበት አገር ውስጥ ፍርዱን ከሽረቱ ለይቶ ማየት ያስቸግራል። ሰኔ 15 ቀን 2011 ደግሞ ባሕር ዳር ላይ የክልሉ ርእሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኰንን፥ ለዚያ ወንበር በተመረጡ በአራተኛው ወር ገደማ፥ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በጥይት ተገደሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በጥር 2016 አቶ ደመቀ መኰንን ከብልፅግና ምክትል ፕሬዚዳንትነት ወርደው አቶ ተመስገን ጥሩነህ ሲተኩ፥ ነገሩ በምስጋና ማለፉ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ እኔ ግን ትንሽ አልለውም።

እንግዲህ ሰው ከወንበር መውረድን ለምን እንዲህ ይፈራል? መልሱ በተረታችን ውስጥ አለ፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንላለን። ይህን ተረት ልጅ ሆነን ሰምተን ሥቀንበታል፤ አሁን ግን ረጋ ብለን ብናየው የሚያስፈራ ነገር ይናገራል። ሹመት ማለት መብል ነው፥ ሽረት ማለት ረኃብ ነው ይላል። መውረድ ረኃብ ብቻ ሳይሆን እስርና ውርደትም ከሆነ፥ መሪው ወንበሩን የሚይዘው ስለሚወደው ብቻ አይደለም፤ ከወንበሩ በታች ገደል ስላለ ነው። ተከታዮቹም አብረው ይወድቃሉና ከእርሱ ይበልጥ አጥብቀው ይይዙታል። ስለዚህ የተሸነፈ ሰው በሰላም የሚኖርበትን ቦታ ያላዘጋጀ ፓርቲ፥ ስብከቱ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፥ መሪውን አምባገነን እንዲሆን ራሱ ያስገድደዋል።

በእኛ ቆላ ሰሊጥ በሚታጨድበት ወራት ከደጋ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች ብዙ ጊዜ አስተውያለሁ። ሰሊጥ ጊዜ የማይሰጥ እህል ነው፤ ደርሶ ጥቂት ቀን ከዘገየ ልባሱ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይፈሳል። ስለዚህ ሠራተኞቹ ሲመጡ ሳይውሉ ሳያድሩ ከመካከላቸው አንዱን አለቃ ያደርጋሉ። እርሱ ከባለ እርሻው ጋር ዋጋ ይነጋገራል፥ ሒሳብ ይቀበላል፥ ያከፋፍላል። በሚመጣው ዓመት ሌላ ሰው ይሻለናል ካሉ ሌላውን ያስቀድማሉ፤ ያለፈው ዓመት አለቃም ማጭዱን ይዞ ከሌሎቹ ጋር ጎንበስ ይላል። ማንም ከሐዲ አይለውም፤ እርሱም ጓዶቹን አስከትሎ ሌላ እርሻ አይሄድም። አገር የሰሊጥ ማሳ አይደለችም የሚለኝ ይኖራል፤ እውነት ነው። ሆኖም እኒያ ሠራተኞች ያላቸው አንድ ነገር ፓርቲዎቻችን የላቸውም፦ የወረደው አለቃ የሚመለስበት ሥራ አለው፥ ማጭዱን ማንም አልቀማውምና።

ወደ ማዶም እንመልከት፤ በጠረፍ የሚኖር ሰው የጎረቤቱን ቤት ማየት አይቀርለትም። በሱዳን ኡማ የሚባለው ትልቅ ፓርቲ በ1937 ገደማ ከተመሠረተ ጀምሮ በመሐዲው ቤተ ሰብ እጅ ነበር። በ1958 ወጣቱ ሳዲቅ አል መሐዲ ከአጎታቸው ከኢማም አል ሃዲ ጋር ተጣልተው ፓርቲው ለሁለት ተከፈለ። ሳዲቅ የተማሩ፥ ስለ ዴሞክራሲ የሚጽፉ፥ ሁለት ጊዜ በምርጫ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑ፥ በወታደሮችም የታሰሩና የተሰደዱ ሰው ነበሩ። ግን ፓርቲያቸውን ለሌላ ሳያስረክቡ በኅዳር 2013 በዚያው ወንበር ላይ ሳሉ ዐረፉ። በሚያዝያ 2015 ሱዳን በጦርነት ስትቃጠልና ሕዝቧ በመተማ በኩል ወደ እኛ ሲጎርፍ፥ ያ ፓርቲ ሊያስታርቅ ይቅርና ራሱም በየካቲት 2017 በተጠባባቂ መሪው ላይ ተከፋፈለ። ዴሞክራሲን ለአገር የሚመኝ ሰው በገዛ ቤቱ ካላስለመደው፥ እርሱ ሲሄድ ቤቱ ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ ብዙ ቅን ሰዎች ያነሡታልና በንቀት ማለፍ አይገባም። «አገር በጭንቅ ላይ ሳለች መሪ መለወጥ፥ ወንዝ መካከል ላይ በቅሎ መለወጥ ነው» ይላሉ። በርግጥ መለዋወጥ ብቻውን ጥበብ አይደለም። ነገር ግን በ1932 የእንግሊዝ አገር ከሂትለር ጋር ጦርነት ላይ ሳለች የሆነውን አስቡ። ጠቅላይ ሚኒስትር ቼምበርለን በምክር ቤት 281 ለ200 በሆነ ድምፅ አሸነፉ። አሸንፈው ሳለ ወረዱ፤ ከገዛ ፓርቲያቸው ብዙዎች ተቃውመዋቸው ነበርና። ቸርችል ተተኩ። ቼምበርለን ግን አልታሰሩም፥ አልኰበለሉም፤ በተተኪያቸው መንግሥት ውስጥ ሚኒስትር ሆነው አገለገሉ፤ ለጥቂት ወራትም የፓርቲው መሪ ራሳቸው ነበሩ። ከአፍሪካም ምሳሌ አይጠፋም። በታኅሣሥ 2000 በፖሎክዋኔ በተደረገው የደቡብ አፍሪካ ኤ.ኤን.ሲ. ጉባኤ፥ በፕሬዚዳንትነት ላይ ያሉት ታቦ ምቤኪ በጃኮብ ዙማ 2,329 ለ1,505 ተሸነፉ። በመስከረም 2001 ፓርቲው ከአገር መሪነትም ውረዱ አላቸው፤ በቴሌቪዥን ተሰናብተው ወረዱ። የተተኩበት ሰው የተሻለ ነበር አልልም፤ ኋላ የታየው ብዙ የሚያሳዝን ነው። መምረጥ ይሳሳታል። ነገር ግን ያ ቤት ስሕተቱን ራሱ ዘግይቶም ቢሆን አርሞታል፤ ዙማም በተራቸው በ2010 በፓርቲያቸው ተገደው ወርደዋል። በሩ ስለ ተለመደ ነው።

የእኛ ሕገ መንግሥት ለርእሰ ብሔሩ ከሁለት ዘመን በላይ አይመረጥም ብሎ ወሰን አስቀምጧል፤ ዋናው ሥልጣን ላለው ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ግን እንዲህ ያለ ወሰን አላኖረለትም። ስለዚህ መሪው ስንት ዘመን ይቈይ፥ እንዴትስ ይውረድ የሚለው ነገር በአብዛኛው የወደቀው በፓርቲው አባላት ኅሊና ላይ ነው። ወጣት ወዳጄ፥ እዚህ ላይ ነገሩ አንተንና አንቺን ይነካል። ነገ በአንዱ ፓርቲ ስብሰባ ላይ መቀመጣችሁ አይቀርም። በትግሉ ዘመን የተጀመረው ግምገማ ተራው ታጋይ አዛዡን ፊት ለፊት እንዲተች ታስቦ ነበር ይባላል፤ እየዋለ እያደረ ግን የበላይ የበታቹን የሚያስፈራራበት፥ ባልንጀራ ባልንጀራውን የሚከስበት ሆነ። በእንዲህ ያለ አዳራሽ እጅ ማንሣት ቀላል ነው፤ ሁሉም ሲያነሣ የአንተ እጅ ሳታዝዘው ይነሣል። እጅን ማውረድ ነው ብርታት የሚጠይቀው።

እንደዚያ ያለውን ብርታት ግን ከአንድ ሰው ብቻ መጠበቅ ጭካኔ ነው። ድምፅ በምስጢር ሲሰጥ ፈሪውም እውነቱን ለመናገር ይችላል፤ በግልጽ እጅ ሲነሣ ግን ጀግናውም ልጆቹን ያስባል። የፓርቲ ደንብ ሲቀርብላችሁ የመሪውን ሥልጣን የሚዘረዝረውን ገጽ ከማንበባችሁ በፊት፥ ድምፅ እንዴት እንደሚሰጥ የሚናገረውን፥ በድምፅ የተሸነፈ ሰው አባል ሆኖ ይቀጥል እንደ ሆነም የሚናገረውን ገጽ ፈልጉ።

እኔ በበኩሌ በመጋቢት 2010 ለአቶ ሽፈራው ድምፅ የሰጡትን 59 ሰዎች ብዙ ጊዜ አስባቸዋለሁ። ስማቸው አልተጻፈም። ጥቂቶቹ በስድስተኛው ወር ሐዋሳ ላይ ሳይገኙ አይቀሩም። ያን ቀን በአዳራሹ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፥ ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው፥ ስሙን ከመጻፋቸው በፊት ግራና ቀኛቸውን አይተው ይሆን?